የብሔራዊ ቡድን ትጥቅ በቅርብ ሲታይ፦ ቱታው፣ ካኒተራውና የለባሹ ጨዋነት

በአዲስ አበባ ስታዲየም ዙሪያ በተደረደሩት የስፖርት ትጥቅ መሸጫዎች ውስጥ «የብሔራዊ ቡድን ሙሉ ትጥቅ» እየተባለ የሚሸጥ፣ በአገር ውስጥ የተሰፋ አንድ ስብስብ አለ። ባለ ዚፕ የቱታ ጃኬትና ሱሪ፣ አረንጓዴ የመሮጫ ካኒተራ፣ ቀይ ቁምጣና ባለ ኮሌታ ቲሸርት በአንድ ላይ ታሽገው ይቀርባሉ። ይህ የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ለተመረጡ አትሌቶች የሚያድለው ትጥቅ አይደለም፤ የእሱን መልክ ተከትሎ የተሠራ ነው። ሆኖም በየክለቡና በየፕሮጀክቱ የሚሠለጥኑ ታዳጊዎች፣ በዋሽንግተንም ሆነ በዱባይ የአገራቸውን ልጆች ለመደገፍ አደባባይ የሚወጡ ወገኖች የሚለብሱት ይህንን ወይም መሰሉን በመሆኑ፣ የጥራቱ ነገር ብዙ ሰው የሚነካ ጉዳይ ነው። እኔ ለማሠለጥናቸው ልጆች ገዝቼ በልምምድም በውድድርም አይቼዋለሁ፤ ያየሁትንም ከነምክንያቱ እዚህ አሰፍራለሁ።

የምመዝንበትን መስፈርት አስቀድሜ ላስቀምጥ። አንድ አትሌት አገሩን ወክሎ ሲሰለፍ ልብሱ የግል ምርጫው መሆኑ ያበቃል። የዓለም አትሌቲክስ የውድድር ሕግ በዓለም ሻምፒዮናና በመሰል ውድድሮች የሚሳተፍ ሁሉ የአገሩ ፌዴሬሽን ያጸደቀውን የደንብ ልብስ እንዲለብስ ያስገድዳል፤ ከዚህም አልፎ የሜዳሊያ አሰጣጡ ሥነ ሥርዓትና አሸናፊው ሜዳውን እየዞረ ተመልካቹን የሚያመሰግንበት ዙር ለዚህ ጉዳይ የውድድሩ አካል ሆነው እንደሚቆጠሩ ይደነግጋል። ስለዚህ አትሌቷ ከማሟሟቂያው ሜዳ ተወዳዳሪዎች ከውድድሩ በፊት ወደሚመረመሩበት ጥሪ ክፍል፣ ከጥሪ ክፍል ወደ መም (ወደ መሮጫው ሜዳ)፣ ከመም ወደ ሽልማቱ መድረክ በምታልፍበት ጊዜ ሁሉ በዚያ ልብስ ትታያለች። ግዴታው በለባሿ ላይ እንዲህ የጠበቀ ከሆነ፣ ልብሱን የሚሰፋው፣ የሚሸጠውና የሚያድለው ወገንም የዚያኑ ያህል ሊጠየቅ ይገባል። ዚፑ የማይዘጋ ጃኬት አልብሶ ወደ መድረክ የላካትን ልጅ «አለባበስ አታውቅም» ብሎ መተቸት ፍትሕ የጎደለው ነገር ነው። ይህን ትጥቅ የመረመርኩትም በዚሁ ዓይን ነው፤ ማማሩን ሳይሆን ለባሹ በክብር እንዲቆም የሚያግዝ መሆን አለመሆኑን ነው የጠየቅሁት።

ጃኬቱ ከስብስቡ ሁሉ የተሻለው ነው። ጨርቁ ፖሊስተር ሲሆን ከውስጥ በቀጭን መረብ መሰል ገበር ተደግፏል። በእንጦጦ ማለዳ ነፋሱን በሚገባ ይመክታል፤ ፀሐይ ወጥቶ ልምምዱ ሲከር ግን ላብ ስለማያስወጣ ልጆቹ ወዲያው ያወልቁታል፤ ለማሟሟቂያና ለመጠበቂያ እንጂ ለሩጫ የተሠራ ስላልሆነ ይህን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም። የአንገትጌው ቁመት ልክ ነው፤ ዚፑ እስከ ላይ ሲዘጋም ጫፉ አገጭን እንዳይቧጥጥ የሚሸፍን ትንሽ ጨርቅ ተሰፍቶበታል። ይህች ቁራጭ ጨርቅ ቀላል ነገር ትመስላለች፤ ነገር ግን በመድረክ ላይ ጃኬትን እስከ አንገት ዘግቶ መቆም የሥርዓት ምልክት በሆነበት ቦታ፣ ልጆች ዚፑን ወደ ታች የሚጎትቱት ብዙ ጊዜ አንገታቸውን ስለሚቧጥጣቸው ነውና ሰፊው ይህን ማሰቡ ያስመሰግነዋል። የዚፑ ጥርሶች ግን ስስ ፕላስቲክ ናቸው። ከገዛኋቸው መካከል በአንዳንዶቹ ላይ የዚፑ መያዣ ከታች በኩል አልገባ እያለ ያስቸግራል፤ በጥድፊያ ጊዜ ደግሞ ጥርሶቹ ይዛነፋሉ። በዚህ ዋጋ የተሻለ ዚፕ መጠበቅ ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም ስብስቡ የሚሸጠው የአገር ስም ከሌለበት ተራ ቱታ እጅግ ከፍ ባለ ዋጋ ነው።

የሱሪው እግር ከቁርጭምጭሚት እስከ ባት አጋማሽ የሚከፈት ዚፕ አለው። ሩጫን ከቅርብ የማያውቅ ሰው የዚህን ጥቅም ላያስተውለው ይችላል። በጥሪ ክፍል ዳኞች የደረት ቁጥሩን፣ የእስፓይኩን (ከሥሩ ጥርስ ያለውን የመሮጫ ጫማ) ጥርስና በልብሱ ላይ ያለውን የንግድ ምልክት ይመረምራሉ፤ ከዚያ ወደ መሙ ሲገባ ቱታ አውልቆ ለመሰለፍ የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው። አትሌቷ እስፓይኳን እንዳጠለቀች ሱሪዋን ማውለቅ ካልቻለች፣ ወይ ጨርቁ በእስፓይኩ ጥርስ ይቀደዳል፣ ወይ ጫማዋን ፈታ እንደገና ለማሰር ትቸኩላለች፤ ቸኩላ ያሰረችው ክር ደግሞ በሦስተኛው ዙር ሲፈታ ማን ይደርስላታል? የዚህ ሱሪ ዚፕ በቂ ርዝመት ስላለው በእስፓይክ ላይ በቀላሉ ያልፋል። የወገቡ ላስቲክም ጠንካራ ነው። ገመዱ ግን ጫፉ ስላልታሰረ በአጠባ ጊዜ ወደ ውስጥ ይሸሻል፤ ገዥው ሱሪውን ከማጠቡ በፊት ሁለቱንም ጫፎች ቢቋጥራቸው ይሻላል።

ትልቁ ቅሬታዬ በቀለሙና በጽሑፉ ላይ ነው። በጃኬቱ አንገትጌና እጅጌ ዙሪያ የተሰፋው ባለ ሦስት ቀለም ጥብጣብ ገና በመጀመሪያው አጠባ ቀዩ ወደ ቢጫው ሰርጎ፣ መሐሉን ብርቱካናማ አድርጎታል። በጀርባው ላይ «ኢትዮጵያ» የሚለው ጽሑፍ በጥልፍ ሳይሆን በሙቀት ተለጥፎ የተሠራ ነው፤ ከጥቂት አጠባ በኋላ የ«ጵ» እግር መላቀቅ ጀመረ፣ ቀጥሎም የ«ያ» ጫፍ ተከተለ። ልጆቹ በጣታቸው መልሰው እየተጫኑ ለማስተካከል ሲሞክሩ ማየት ያሳዝናል። የአገሩን ስም በጀርባው ተሸክሞ የሚሮጥ ታዳጊ ፊደሉ ተልጦ ሲንጠለጠል የሚሰማው ሐፍረት የእሱ ጥፋት አይደለም። ጽሑፉን በጥልፍ ማሠራት ጥቂት ወጪ ይጨምር ይሆናል፤ ነገር ግን ሰው ይህን ልብስ የሚገዛው ለዚያ ስም ሲል ስለሆነ ቁጠባው እዚያ ላይ መዋሉ ፈጽሞ አይገባም።

በደረቱ ግራ በኩል ያለው ሰንደቅ ዓላማም እንዲሁ ጥንቃቄ ይጎድለዋል። በአንዱ ጃኬት ላይ አርማው መሐል ላይ በትክክል አርፏል፤ በሌላው ላይ ከመሐል ወደ ታች ወርዷል፤ አርማ የሌለውም ጃኬት ከአንድ ግዢ ውስጥ አግኝቻለሁ። ሕዝባችን ስለ ባንዲራው ያለው ስሜትና ክርክር የታወቀ ነው፤ እዚህ ላይ ልከፍተው አልፈልግም። ሆኖም አትሌት በውድድር ሜዳ የሚወክለው ሕጋዊውን የመንግሥት ሰንደቅ ዓላማ ስለሆነና የሰንደቅ ዓላማ አዋጁም የአርማውን ቦታ ለይቶ ስለሚደነግግ፣ በአንድ ቡድን ስም በተሸጠ ትጥቅ ላይ ሦስት ዓይነት ባንዲራ መገኘቱ ግድየለሽነት ነው። አንድ ቡድን አንድ መልክ ሊኖረው ይገባል። ልጆቼ ከውድድር በፊት ተሰልፈው ፎቶግራፍ ሲነሡ ይህ ልዩነት ከሩቅ ይታይ ነበር።

ወደ ካኒተራው ልለፍ። አረንጓዴው ካኒተራ ከአበበ ቢቂላ ዘመን ጀምሮ በዓይናችን የቀረ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1964 በቶኪዮ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ሲያሸንፍ በአረንጓዴ ካኒተራና በቀይ ቁምጣ የሮጠበት ምስል ዛሬም በብዙ ቤት ግድግዳ ላይ አለ። የአሁኑ ሰፊ ያንን ቀለም መምረጡ ልብ ያሞቃል፤ አረንጓዴውም ደማቅና ንጹሕ ነው፣ እንደ ጥብጣቡም አይለቅም። የዓለም አትሌቲክስ ሕግ ልብሱ ንጹሕ፣ የማያስነውርና ውሃ ሲነካውም እንኳ ገላ የማያሳይ እንዲሆን ይጠይቃል፤ ይህን ለማየት ካኒተራውን ውሃ ውስጥ ነክሬ በብርሃን ፊት ዘርግቼ ነበር፤ ፈተናውን አልፏል። ነጩ የጎን መስመር ብቻ ጥቂት ይሳሳል። የደረት ቁጥር ሲለጠፍበት ግን ችግር አለ፦ ጨርቁ ስስ በመሆኑ መርፌ ቁልፉ የገባበት ቀዳዳ እየሰፋ ይሄዳል፤ ጠንካራ ነፋስ ባለበት ሜዳ ቁጥሩ ሲርገበገብ ማዕዘኑ ላይ ይተረተራል። ቁጥሩን አጥፎ ወይም ቆርጦ ማሳነስ በሕግ የተከለከለ ስለሆነ፣ ካኒተራው ራሱ ቁጥሩን በሙሉ ስፋቱ መሸከም መቻል አለበት። በአራቱ ማዕዘኖች ከውስጥ በኩል ትንንሽ ጨርቅ ቢደረብ ነገሩ ይፈታ ነበር።

ከሁሉ በላይ ያስቆጨኝ የሴቶች ልክ አለመኖሩ ነው። ሻጩ «የሴት» ብሎ የሚያቀርበው የወንዱን ትንሹን ቁጥር ነው። የብብቱ ቀዳዳ እስከ ጎን ስለሚወርድ ልጃገረዶቹ ከሥር ሌላ ልብስ ሳይደርቡ አይለብሱትም፤ የደረቡት ልብስ ቀለም ደግሞ የተለያየ ስለሆነ የቡድኑ መልክ ይበላሻል። ይህች አገር በዓለም ፊት ስሟ ከሴቶች ልጆቿ ድል ጋር ተያይዞ የሚጠራ ናት። እ.ኤ.አ. በ2023 በቡዳፔስት የዓለም ሻምፒዮና የ10,000 ሜትር ውድድር ጉዳፍ ፀጋይ፣ ለተሰንበት ግደይና እጅጋየሁ ታዬ ተከታትለው ገብተው ሦስቱንም ሜዳሊያ ወስደዋል፤ በማራቶኑም አማኔ በሪሶና ጎይተቶም ገብረሥላሴ አንደኛና ሁለተኛ ሆነዋል። የእነሱን ፈለግ እንከተላለን የሚሉ ልጆች በወንድሞቻቸው ልክ የተቆረጠ ልብስ ሊሰጣቸው አይገባም። ቁምጣውም እንዲሁ ነው፤ ከጎኑ እስከ ዳሌ የተሰነጠቀ ስለሆነ አብዛኞቹ ከሥሩ እስከ ጉልበት የሚደርስ ጥብቅ ሱሪ ይለብሳሉ። ሰፊው ያንን ጥብቅ ሱሪ በተመሳሳይ ቀለም አብሮ ቢያቀርብ፣ ሙስሊሟም ክርስቲያኗም፣ ገጠር ያደገችውም ከተማ ያደገችውም የሚመቻትን መርጣ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሳ ትቆም ነበር።

ይህ የሴቶች አለባበስ ጉዳይ በእኛ ዘንድ ብቻ ያለ ጥያቄ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የኖርዌይ ሴቶች የባሕር ዳርቻ እጅ ኳስ ቡድን በአውሮፓ ሻምፒዮና ሕጉ ባዘዘው አጭር የውስጥ ልብስ መሰል ቁምጣ ፈንታ ከጭን የሚደርስ ቁምጣ ለብሶ በመጫወቱ 1,500 ዩሮ ተቀጥቷል፤ ከብዙ ተቃውሞ በኋላ ሕጉ በዚያው ዓመት ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ ደግሞ አስተናጋጇ ፈረንሳይ የራሷ አትሌቶች ሂጃብ እንዳይለብሱ ስትከለክል፣ በኢትዮጵያ ተወልዳ ለኔዘርላንድ የምትሮጠው ሲፋን ሐሰን የማራቶን ወርቅ ሜዳሊያዋን በመዝጊያው ሥነ ሥርዓት ላይ ሂጃብ ለብሳ ተቀብላለች። እኔ እንደማምነው የአገር ልብስ ሥራው ተወካዩን ከወገኑ ጋር ማስተሳሰር ነው፤ ለባሿን ከእምነቷና ከኅሊናዋ ጋር የሚያጣላ ከሆነ ያን ሥራውን መሥራት አይችልም። ለዚህ ነው የልብስ ሰፊዎች ምርጫ ማቅረብ አለባቸው የምለው።

ባለ ኮሌታው ቲሸርት ለጉዞና ለጋዜጣዊ መግለጫ የታሰበ ነው። ኮሌታው ከታጠበ በኋላ ይጠቀለላል፣ ከዚያ በቀር የሚነቀፍ የለውም።

ጫማ በስብስቡ ውስጥ የለም፤ መኖርም የለበትም፤ ምክንያቱም ጫማ አትሌቱ ከእግሩ ጋር አስማምቶ የሚመርጠው የሙያ መሣሪያ ሲሆን፣ በታላላቅ ውድድሮችም ካኒተራውና ቱታው የአገር ሲሆኑ ጫማው ከአትሌቱ የግል ስፖንሰር ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም አበበ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2:15:16 ሲያሸንፍ ከአገሩ የተሰጠውን ልብስ በሥርዓቱ ለብሶ፣ በእግሩ ላይ ግን የሚመቸውን መርጦ ነበር። ዛሬ ምርጫው እንዲህ የተተወ አይደለም። በጎዳና ሩጫ የጫማ ሶል ውፍረት ከ40 ሚሊሜትር እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በቪየና ማራቶን አንደኛ የገባው ደራራ ሁሪሳ ሶሉ 50 ሚሊሜትር የሆነ ጫማ አድርጎ በመገኘቱ ድሉ ተሰርዞ ለኬንያዊው ሊዮናርድ ላንጋት ተሰጥቷል። በዚያ ውድድር የሮጠው አገሩን ወክሎ ሳይሆን በግሉ ቢሆንም፣ ልጆቼን ሁልጊዜ በእሱ አስተምራቸዋለሁ። በአርባ ሁለት ኪሎ ሜትር ላይ የፈሰሰ ላብ በጫማ ሶል ምክንያት ከንቱ እንዳይቀር፣ ልብስና ጫማን አስቀድሞ ከሕጉ ጋር ማስተያየት የአትሌቱም የአሠልጣኙም ሥራ ነው። ትጥቁን የሚሸጡ ሰዎች ከዕቃው ጋር አንድ ገጽ መመሪያ ቢጨምሩ፣ የቁጥር አለጣጠፍን፣ የንግድ ምልክት መጠንንና የጫማ ገደብን የሚገልጽ፣ ለገጠር ፕሮጀክቶች ትልቅ አገልግሎት በሆነ ነበር።

ስለ ልብስ በሚጻፍ ግምገማ ውስጥ ስለ ጨዋነት ማንሣቴ ቦታው አይደለም የሚል ሊኖር ይችላል። እኔ ግን ሁለቱን ለያይቼ ማየት አልችልም፤ ልጆቹ ይህን ካኒተራ በለበሱ ዕለት አረማመዳቸው እንኳ ሲለወጥ አያለሁና። ካኒተራውን በምሰጣቸው ጊዜ የምነግራቸው የደራርቱ ቱሉን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና የ10,000 ሜትር ውድድር ደራርቱ ስትቀድም፣ ሁለተኛ የወጣችው የደቡብ አፍሪካዋ ኤላና ማየር ነበረች። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ከ1960 ወዲህ ከኦሊምፒክ ርቃ ቆይታ በዚያ ዓመት ገና መመለሷ ነበር። ደራርቱ መስመሩን ካለፈች በኋላ ተፎካካሪዋን ጠበቀቻት፤ ከዚያም ጥቁሯና ነጯ አፍሪካዊት እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ያን ዕለት ልጅቷ በለበሰችው አረንጓዴ ውስጥ የታየው ጨዋነት ከማንኛውም ጥልፍ በላይ አገሪቱን አስጊጧታል።

ሌላው የማነሣላቸው እ.ኤ.አ. በ2004 በአቴንስ የሆነው ነው። ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስህን በ10,000 ሜትር ሲመሩ፣ በጉዳት ላይ የነበረው ኃይሌ ገብረሥላሴ ወደ ኋላ ሲቀር ዞር ዞር እያሉ ጠብቀውታል። ሁለቱ አንደኛና ሁለተኛ፣ ኃይሌ አምስተኛ ሆኖ ተጠናቀቀ። ወርቅ ሊያመልጥ በሚችልበት ሰዓት ታላቅን መጠበቅ ከየትኛውም የሥነ ምግባር ደንብ ላይ አይገኝም፤ ከቤት ይዘውት የመጡት ነገር ነው። ከእነዚህ ሁለት ታሪኮች በኋላ ልጆቹን ስለ ሥነ ምግባር ብዙ መምከር አያስፈልገኝም።

አስቸጋሪ የሆኑትንም አልደብቃቸውም። በፓሪሱ የሴቶች ማራቶን ሲፋን ሐሰንና ትዕግሥት አሰፋ ወደ መጨረሻው መስመር ሲቃረቡ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተዋል፤ ሲፋን በ2:22:55 ስታሸንፍ ትዕግሥት በሦስት ሰከንድ ተቀድማ ብር አገኘች። የኢትዮጵያ ቡድን ያቀረበው አቤቱታ ተቀባይነት አላገኘም። ለታዳጊዎች የምነግራቸው እንዲህ ባለ ጊዜ ቅሬታ የሚቀርብበት የራሱ መንገድ እንዳለው ነው፤ ውጤቱ በይፋ ከተነገረ በኋላ በ30 ደቂቃ ውስጥ ለዳኛው ይቀርባል፣ ይግባኙም በቡድኑ ኃላፊ በኩል በጽሑፍ ይሄዳል። አትሌቷ መብቷን መጠየቋ ጨዋነቷን አይቀንሰውም፤ ተፎካካሪዋን ሳትሳደብና ሳታመናጭቅ በሕጉ መንገድ መጠየቋ ግን የለበሰችውን ልብስ ክብር ይጠብቃል።

ከዚህ የሚከብደው የፈይሳ ሌሊሳ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ማራቶን ሁለተኛ ሲገባ እጆቹን ከራሱ በላይ አጣምሮ የኦሮሞ ወጣቶች በአገር ቤት የሚያሳዩትን የተቃውሞ ምልክት አሳየ። የኦሊምፒክ ቻርተር አንቀጽ 50 በውድድር ስፍራ ፖለቲካዊ መግለጫን ይከለክላል፤ ሜዳሊያው ግን አልተወሰደበትም፤ እሱም ወደ አገሩ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ልጆች ስለዚህ ሲጠይቁኝ ሕጉን እነግራቸዋለሁ፤ ሰውየው ምን እንደሚያጣ እያወቀ እንዳደረገውም እነግራቸዋለሁ። የአገርን ካኒተራ መልበስ ሰውን ዲዳ ያደርገዋል ብዬ አላስተምርም፤ ሕጉን ሳያውቁ ከስሜት ብቻ ተነሥቶ ምልክት ማሳየትና ዋጋውን አውቆ በኅሊና መቆም የተለያዩ መሆናቸውን ግን በጥብቅ አስረዳለሁ። አገርን መውደድ በዝምታ ብቻ የሚለካ አይደለም።

ስለ መክፈቻ ሥነ ሥርዓት ልብስ ጥቂት ልጨምር፤ ስብስቡ ይህን ባያካትትም ገዥዎች አብረው ይጠይቃሉና። የእኛ ልዑካን በአገር ባህል ልብስ መሰለፋቸው የሚያኮራ ልማድ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ከሽሮ ሜዳ የተሻለ መነሻ የለም። የእጅ ሽመና ጥጥ ግን ውሃ ሲነካው ይከብዳል፣ ከሻንጣ ሲወጣም ይጨማደዳል። የፓሪሱ መክፈቻ በሴን ወንዝ ላይ በጀልባ ሲካሄድ የወረደው ከባድ ዝናብ ለማንኛውም አገር ልብስ አዘጋጅ ትምህርት ሊሆን ይገባዋል። ስስ ፈትል መምረጥ፣ ጥለቱን የማይለቅ ክር ማድረግ፣ ለወንዱም ለሴቷም ተራምዶ የሚያስሄድ ቁመት መቁረጥ፣ ዝናብ ቢመጣ የሚደረብ ነገር ማዘጋጀት አስቀድሞ መታሰብ አለበት።

ስለ ሻጩ አገልግሎት የምለው አጭር ነው። መደብሩ ውስጥ አቀባበሉ መልካም ነበር፤ ልጆቹ ለብሰው እንዲሞክሩም ተፈቅዶላቸዋል። ዚፑ የተበላሸውንና አርማው የጎደለውን ይዤ ስመለስ ግን «ከሱቅ ከወጣ አይመለስም» ተባልሁ፤ ደረሰኝ ባሳይም የተለወጠ ነገር አልነበረም። በመጨረሻ ዚፑን በሰፈር ልብስ ሰፊ አስቀየርሁ፤ ሥራው ጥሩ ነው፣ ወጪው ግን በእኔ ላይ ቀረ። የአገር ስም የተጻፈበትን ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ከሌላው ሻጭ በበለጠ ለዕቃው ኃላፊነት ሊወስድ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

በአጠቃላይ ጃኬቱንና ሱሪውን ለልምምድ፣ ለአገር ውስጥ ውድድርና ለደጋፊዎች እመክራለሁ፤ ጠንካራ ጎናቸው ከጉድለታቸው ይበልጣል። ካኒተራውን ለወንዶች ልጆች መግዛት ይቻላል፤ ለሴቶች ግን ሰፊው የራሳቸውን ልክ እስኪያዘጋጅ ድረስ ካኒተራና ቁምጣን ለብቻ ከሌላ ቦታ አሰፍቶ ቱታውን ብቻ ከዚህ መውሰድ ይሻላል። ስብስቡን ሳይነጣጥል ካልሸጠ ደግሞ ከመግዛት በፊት በዚህ ላይ መደራደር ይቻላል፤ በርከት አድርጎ ለሚገዛ ቡድን ብዙዎቹ ሻጮች እሺ ይላሉ። ለይፋዊ ሥነ ሥርዓት የሚፈልገው ሰው የጀርባውን ጽሑፍ በጥልፍ አስደግሞ፣ የደረቱን ሰንደቅ ዓላማም ከእያንዳንዱ ጃኬት ላይ አርማው በትክክል ማረፉን አይቶ ይውሰድ። አጠባው በቀዝቃዛ ውሃ፣ ከሌላ ልብስ ተለይቶ፣ ወደ ውስጥ ተገልብጦ ይሁን፤ ጽሑፉም ጥብጣቡም ፀሐይ በቀጥታ እንዳያገኘው በጥላ ይሰጣ። ከውጭ አገር ሆነው በዘመድ በኩል የሚያስገዙ ወገኖች ደግሞ የወንዱ ልክ ከተጻፈው ቁጥር ጠበብ እንደሚል አውቀው አንድ ቁጥር ከፍ አድርገው ይዘዙ፤ የተገዛው ከመላኩ በፊትም ዘመዳቸው ዚፑን በመደብሩ ውስጥ ደጋግሞ ከፍቶ ዘግቶ ይሞክርላቸው።